«ጨጓራ ነው» ተብሎ የሚመጣ ሕመም

ጠዋት ጎንደር ከተማ ውስጥ አንዱ ጤና ጣቢያ ገብታችሁ፣ ካርድ ክፍል ፊት የተሰለፉትን እናቶች «ምን አመመዎት?» ብትሏቸው፣ «ጨጓራ ነው» የሚለውን መልስ ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ። በፌስታል የኦሜፕራዞል ባዶ ፓኬት ይዘው የሚመጡ አሉ። ሦስት አራት ጊዜ ታዞላቸዋል፤ ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚሰጠውንም ጨርሰዋል። ትንሽ አረፍ ሲሉ ሌላውን ይጨምራሉ፤ «ልቤን ይወጋኛል፣ ጭንቅላቴን ያግለኛል፣ እግሬን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል»። እርግጥ ነው፣ ጨጓራቸውን ብቻ የሚያማቸው አሉ። ነገር ግን መድኃኒቱ ሳይነካው እየተመላለሰ የሚያስቸግር ሕመም ሲሆን፣ ከጨጓራው ጀርባ ማንም ያልጠየቀው ነገር ብዙ ጊዜ አለ።

ይህን የምንጽፈው በከተማዋና በዙሪያዋ ጥቃት የደረሰባቸውን ሰዎች የምንቀበል ነርሶችና አዋላጆች ነን። የምንጽፈው ጥቃቱ ለሚደርስባት ለራሷ ነው፤ አጠገቧ ላለችው እህት፣ ጎረቤት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ለንስሐ አባቷም ጭምር። ጥቃት ብቻውን እምብዛም አይመጣም። ስለዚህ የመጨረሻውን ቁስል ብቻ አክሞ መሸኘት ሰው አያድንም።

እጁን የሚያነሳ ባል አብዛኛውን ጊዜ የቤቱን ገንዘብም ይዟል፣ ስልኳን ይፈትሻል፣ ወላጆቿን እንዳትጠይቅ ይከለክላል፣ ሌሊት ደግሞ ያለ ፈቃዷ ይደርስባታል። «ከዚያ በፊትስ?» ብሎ ለጠየቀ ሌላ ይወጣል። በ13 በ14 ዓመቷ ተድራለች። ከዚያ ሸሽታ ከተማ ሰው ቤት ተቀጥራ የአሠሪዋ ልጅ አስገድዷታል። በመተማ በኩል ሱዳን ተሻግራ ደመወዟን ተከልክላ ተመልሳለች። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ሲደርስ ልጆቿን ይዛ የተፈናቀለችም አለች። ሁሉም በአንዲት ሴት ላይ ሊሆን ይችላል።

መደራረቡ ለጤና ምን ማለት እንደሆነ በጥናት ከታየ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ የተባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ አሜሪካ ሳንዲያጎ ውስጥ ከ9,000 በላይ አዋቂዎችን በልጅነታቸው ስለደረሰባቸው ነገር ጠይቀው ውጤቱን አሳተሙ። መደብደብ፣ መደፈር፣ መሰደብና መዋረድ፣ እናት ስትመታ ማየት፣ እነዚህን የመሳሰሉትን ዓይነት በዓይነት ቆጠሩ። አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት የደረሰባቸው ሰዎች ምንም ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ለመጠጥ ሱስ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ የመጋለጣቸው ዕድል ከ4 እስከ 12 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የልብ በሽታውም እንዲሁ ከቁጥሩ ጋር እየጨመረ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ደግሞ፣ የትዳር አጋራቸው የሚያጠቃቸው ሴቶች በድብርት የመያዝ ዕድላቸው ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል፤ በአንዳንድ አካባቢዎች በኤችአይቪ የመያዝ ዕድላቸውም አንድ ተኩል እጥፍ ነው። በአገራችን በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ካገቡ ወይም አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶባቸዋል። የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል ሁለት ሦስተኛዎቹ ለማንም አልተናገሩም፣ እርዳታም አልጠየቁም። ያልተነገረው ነው እንግዲህ ጨጓራ ሆኖ ካርድ ክፍል የሚሰለፈው።

ሰውነት ይህን የሚያደርገው ሰውየዋ ስላስመሰለች አይደለም። ሰው ሲፈራ አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ ሆርሞኖች ይለቀቃሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይወጣል፣ የምግብ መፈጨት ይቀዘቅዛል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ጅብ ላየ ሰው ይህ ነፍስ አድን ነው፤ ጅቡ ሲሄድ ሰውነቱ ይረጋጋል። የበር መንኳኳት በሰማች ቁጥር ሰውነቷ እንዲህ የሚሆን ሴት ግን የምታርፍበት ጊዜ የላትም። ከዚህ በኋላ ነው የማይለቅ ራስ ምታት፣ የወገብና የማሕፀን አካባቢ ሕመም፣ የሆድ መነፋት፣ የልብ ምት መዛባት፣ ትንሽ ድምፅ ሲሰሙ መበርገግ የሚመጣው። አዲስ ጥቃት ሲጨመር ከዜሮ አይጀምርም፤ አስቀድሞ በተወጠረው ላይ ነው የሚያርፈው። «እኔስ ሲወረውርብኝ እንኳ አልደነግጥም፣ ደንዝዣለሁ» የምትለዋም ብትሆን አልዳነችም። መደንዘዝ ራሱ ምልክት ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚያልፋቸው ሁለት ጉዳቶች እንምጣ።

አንደኛው ጥፊ ነው። ጥፊ በሰው ዘንድ እንደ ተራ ነገር ይታያል፤ ጆሮ ላይ ያረፈ ጥፊ ግን ታምቡሩን ሊቀደው ይችላል። ፊት ለፊት ቆሞ የሚመታ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀኝ እጁን ስለሚጠቀም የሚጎዳው የግራ ጆሮ ነው። ሲቀደድ በቅጽበት የሾለ ሕመም ይኖራል፣ ከዚያ ጩኸት ወይም ፉጨት፣ የመስማት መቀነስ፣ አንዳንዴ ትንሽ ደም። በቀጣዮቹ ቀናት «ወደ ጆሮዬ አየር ይገባል» ትላለች። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሚመጣው ከቤት ሕክምና ነው፤ የሞቀ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት ወይም የቅጠል ጭማቂ ጆሮ ውስጥ ይጨመራል። የተቀደደ ታምቡር ምንም ፈሳሽ አይፈልግም። ብዙው በጥቂት ሳምንታት፣ ቢዘገይ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ራሱ ይድናል፤ ዋናው ነገር ደረቅ ሆኖ መቆየቱ ነው። ሰውነቷን ስትታጠብ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ጆሮዋ ደጃፍ ላይ ታድርግ፣ አፍንጫዋን በኃይል አትናፈጥ። ጠበል የምትጠመቅ ከሆነ በዚያ ጆሮ በኩል ውኃ እንዳይገባ ታስጠንቅቅ። መግል ከወጣ፣ ካተኮሳት፣ ወይም ካዞራትና ካስመለሳት ግን ቀኑን ሳታሳልፍ ትታይ። በተደጋጋሚ የምትመታ ሴት ጆሮዋ ሲደክም ቤተሰቡ «አትሰማም፣ ግትር ናት» ይላታል። ይህ ደግሞ ሌላ ዱላ ያስከትላል።

ሁለተኛው መታነቅ ነው። ሴትዮዋ ሙቀት ላይ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ከተቀመጠች፣ አንድ ጊዜ ቀስ ብላችሁ እንድትገልጠው ጠይቋት። ብዙዎቹ ላይ ምንም ምልክት አይታይም፤ ይህ ነው አሳሳቹ። የጣት አሻራ ባይኖርም ድምፅ ከጎረነነ፣ ምራቅ ለመዋጥ ከተቸገረች፣ ዓይኗ ነጭ ላይ ወይም የዓይኗ ቆብ ውስጥ ቀያይ ነጠብጣብ ካለ፣ «ዓይኔ ጨለመብኝ፣ የሆነውን አላስታውስም» ካለች ወይም ሽንት ካመለጣት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሳይሆን ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ትሂድ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ማለት ነው። የአንገት ደም ሥር ግድግዳ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የረጋ ደም ወደ አንጎል የሚሄደው ከቀናት በኋላ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ታንቃ በሳምንቱ ግማሽ አካሏ የሚዝል ወጣት ሴት «መጋኛ መታት» ትባላለች። ደግሞም ይህ ሽማግሌ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው፤ አንድ ወንድ ሚስቱን አንድ ጊዜ ካነቀ፣ ወደፊት የመግደሉ አደጋ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ከሌላው ጠብ ጋር ተደምሮ «ይቅር ተባባሉ» የሚባልበት ነገር አይደለም።

እርጉዝ ሆና ሆዷ ላይ የተመታች፣ ደም ባይታያትም ጤና ተቋም ውስጥ ቢያንስ ለአራት ሰዓት የልጁ ልብ ምት እየታየ መቆየት አለባት። የእንግዴ ልጁ ከማሕፀን ተላቅቆ ደሙ ወደ ውጭ ሳይታይ በውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ሆዷ ከጠነከረ፣ የማይቋረጥ ሕመም ካለ፣ ልጁ መንቀሳቀስ ከቀነሰ ወደ ቤቷ አትመለስ። የደሟ ዓይነት ኔጌቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ የቅድመ ወሊድ ካርዷን ይዛ ትሂድ። ጭንቅላቷን በተደጋጋሚ የተመታች ደግሞ ትረሳለች፣ ብርሃን ያማታል፣ ወጥ ጥዳ ታሳርራለች። ይህ የአንጎል መናወጥ እንጂ ዝርክርክነት አይደለም።

ወደ መጠየቁ እንሂድ። መጀመሪያ ብቻዋን መሆን አለባት። ባል፣ አማት፣ ነገር የሚገባው ልጅ እንኳ አብሮ መኖር የለበትም፤ ልጅ ያየውን ማታ ይናገራል። «ለሽንት ምርመራ» ወይም «ክብደት ልንመዝን» ብሎ ለብቻ ማስገባት ይቻላል። «ጥቃት ደርሶብሻል?» ብላችሁ አትጀምሩ። ብዙ ሴት የሚደርስባትን በዚህ ስም አታውቀውም፤ «ኧረ የለም፣ የቤት ጠብ ነው» ትላለች። ለወጣቷ «እታለም»፣ ለትልቋ «እትየ» ብላችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ፦ «እንዲህ ያለ ሕመም ጭንቀት ካለበት ቤት ይመጣል፣ ሁሉንም ነው የምንጠይቀው። ቤት ውስጥ የሚያስፈራሽ ሰው አለ? ሲቆጣ ምን ያደርጋል? አንገትሽን ይዞሽ ያውቃል? ሳትፈልጊ አልጋ ላይ ያስገድድሻል? ለባጃጅ የሚሆን ብር ሳታስፈቅጂ ታገኛለሽ? ልጅ እያለሽስ ቤታችሁ እንዴት ነበር?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ በር ትከፍታለች፤ ስለዚህ ጊዜ ከሌላችሁ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አቆዩዋት። ዝርዝሩን እንድታወራ አትገፏት። በአንድ ቀን ሁሉንም አስተርኮ መላክ ሕመሙን ሊያባብስ እንደሚችል በጥናት ታይቷል።

«ለምን አልተውሽውም?» የሚለው ጥያቄ ከአፋችሁ አይውጣ። ሴት የምትገደለው ብዙ ጊዜ ለመውጣት ስትነሳ ወይም ከወጣች በኋላ ነው። ይልቅ «ዛሬ ቤት መመለስ ትፈሪያለሽ?» በሏት። ከፈራች መታወቂያዋን፣ የልጆቹን የልደትና የክትባት ካርድ፣ ትርፍ ቁልፍና ትንሽ ብር እሱ የማያውቀው ጎረቤት ቤት ታስቀምጥ። ጠብ ሲነሳ ከማዕድ ቤት ትራቅ፤ ቢላና የፈላ ውኃ ያለው እዚያ ነው። መውጫ በር ወዳለበት ትጠጋ።

መደፈር ካለ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት የሆነ ነገር አርብ ማታ 2 ሰዓት ላይ ያበቃል። ግን ገደቡን አትጠብቁ፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተጀመረው ይሻላል። ለ28 ቀን በቀን አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይዋጣል። እርግዝና የሚከላከለው ክኒን፣ ሰው ፖስትፒል የሚለው፣ እስከ 5 ቀን ሊሠራ ይችላል፤ በዘገየ ቁጥር ይደክማል። የቴታነስና የጉበት በሽታ ክትባት፣ ለአባላዘር በሽታ የሚሰጠው መድኃኒትም አብረው ይጠየቁ። የኤችአይቪ ምርመራው በመጀመሪያው ቀን፣ በ6ኛ ሳምንትና በ3ኛ ወር ይደገማል። ለወንድ ልጅም ሕክምናው ያው ነው። ወንዶች ልጆች እንደሚደፈሩ ማመን ስለማንፈልግ ብቻ ብዙዎቹ ያለ መድኃኒት ይቀራሉ።

ይህ የ28 ቀን የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በመሃል የሚቋረጥባቸው ምክንያቶች ይታወቃሉ። አንደኛው ማቅለሽለሽ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፣ ማታ ከመኝታ በፊት ሲዋጥ ይቀላል። ሁለተኛው ጾም ነው፤ አሁን የሚሰጠው ክኒን ያለ ምግብም ስለሚወሰድ ጾም አያስተጓጉለውም። ሦስተኛው ያው ጨጓራ ነው። ይህን ዶሉቴግራቪር የሚባል መድኃኒት ያለበትን ክኒን ከአንታሲድ (የጨጓራ አሲድ ከሚያረክሰው) ሽሮፕ ወይም ማኘኪያ ጋር አንድ ላይ ከወሰደችው አንታሲዱ መድኃኒቱን ይይዝና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ክኒኑ ከአንታሲዱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ። ኦሜፕራዞል ይህ ችግር የለበትም። አራተኛው ጠበል ቦታ ገብቶ መድኃኒት መተው ነው። ቤተ ክርስቲያን ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ በግልጽ አስተምራለች፤ የንስሐ አባቷ አንድ ቃል ቢነግሯት ከእኛ ምክር ሁሉ ይበልጣል።

ከመመርመሯ በፊት ባትታጠብ ይመረጣል፤ ታጥባ ከመጣችም ሕክምናው አይቀርም። የለበሰችውን ልብስ በፌስታል አትቋጥሩ፤ ይሻግትና ማስረጃው ይበላሻል። በጋዜጣ ወይም በወረቀት ከረጢት ጠቅልሉት። «መጀመሪያ የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ» ብሎ መመለስ ትልቁ ጥፋት ነው። ደብዳቤው እስኪመጣ 72ቱ ሰዓት ያልቃል። መድኃኒቱ ይቅደም፣ ወረቀቱ ይከተል።

ሕጉን በተመለከተ አጭር ነገር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን ያስቀጣል። ጠልፎ ማግባት ከወንጀል አያድንም፤ በኋላ ሠርግ ቢደረግም ክሱ አይወድቅም። ከመደፈር የተነሳ እርግዝና በሕግ ሊቋረጥ ይችላል፤ የሷ ቃል ይበቃል፣ የፍርድ ቤት ወረቀት አትጠየቅም። የአስገድዶ መድፈር አንቀጽ ግን ከጋብቻ ውጪ የሆነውን ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ይህ ክፍተት ልባችንን ያሳዝነዋል። ቢሆንም ሕጉ ያላየውን ሰውነት ያየዋል፤ ባሏ ያስገደዳት ሴትም ሕክምናው በሙሉ ይገባታል።

ከወር በኋላም ቅዠቱ፣ መበርገጉ፣ ነገሩን የሚያስታውስ ቦታን መሸሹ ካልለቀቀ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ትላክ። እንቅልፍ እንዲመጣ ብሎ ከፋርማሲ ዲያዜፓም ገዝቶ መስጠት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ለጊዜው ያስተኛታል፣ ጭንቀቱን አያክምም፣ ሱስም ያስይዛል። ለድብርት ፍሉኦክሰቲን ከተሰጣት ጠዋት ይዋጣል፤ ለውጡ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበልጥ ሊያቁነጠንጣት ስለሚችል «አልሠራም» ብላ እንዳትጥለው ቀድሞ ይነገራት። «መኖር አስጠልቶሽ ያውቃል?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም፤ ያቀልላታል እንጂ። አዎ ካለች የእህል ተባይ መድኃኒቱ ከቤት ይውጣ፣ የታዘዘላት ክኒንም በሳምንት በሳምንት እንጂ ወር ሙሉ በአንዴ አይሰጥ።

ቤት ውስጥ የሚረዳ ቀላል ነገርም አለ። በአፍንጫ አራት እየቆጠሩ መሳብ፣ በአፍ ስድስት እየቆጠሩ ማውጣት፣ ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ፤ ትንፋሽ ሲረዝም ልብ ይቀዘቅዛል። ቅዠት ሲያባንናት እግሯን መሬት አስነክታ የት እንዳለች፣ ቀኑ ምን እንደሆነ ጮክ ብላ ትናገር። ቡና አትከልክሏት፤ ጎረቤት የሚገኘው በቡና ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ያለው ግን ይቅርባት፣ ልብ ያስደልቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል።

በሠለጠነ አማካሪ የሚሠራ አንድ ሕክምና አለ፤ ወለል ላይ ገመድ ይዘረጋል፣ ገመዱ ዕድሜዋ ነው። ደግ ዘመን ላይ አበባ፣ ክፉ ላይ ድንጋይ ታስቀምጣለች። በመጀመሪያው ቀን ድንጋዩ አይነሳም፣ ቦታው ብቻ ይታወቃል። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ በአንድ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። ስንት ድንጋይ እንዳለና የቱ በየቱ ላይ እንደተደረበ ዓይኗ እያየ ሲቀመጥ፣ የጨጓራው ነገር ለራሷም ይገባታል።

የክትትል ቀጠሮ ስትሰጡ በቅዳሜ ገበያ ወይም በልጅ ክትባት ቀን አድርጉት፤ ከቤት ለመውጣት ምክንያት ይሆናታል። ስልክ ከመደወላችሁ በፊት ማን እንደሚያነሳው ጠይቋት። መልእክት አትላኩ። መድኃኒቱን ቤት መደበቅ ካልቻለች በቫይታሚን ጠርሙስ ቀይሩላት፣ ወይም እህቷ ዘንድ ይቀመጥ። የቀጠሮ ካርዷም ላይ የምትጽፉት ባልየው ቢያነበው የማይጎዳት ይሁን፦ «የጨጓራ ክትትል»።